ሁለቴ ሄጄ አንዴ ያየሁት የጎርጎራ ግንብ

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ነው ያደግሁት። ልጅ ሆነን የፋሲል ግንብ አጥር ጥግ ሱዚ ዘለናል። የተጣላነውም የታረቅነውም እዚያው ጥላ ሥር ነው። ስለ ግንብ ሌላ ሰው የሚነግረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጎርጎራ ያለውን ግንብ ያየሁት ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ለዚያውም በሁለተኛው ሙከራ።

ከዚያ በፊት "ጎርጎራን ታውቂዋለሽ?" ሲሉኝ "እንዴ! ስንቴ ሄጃለሁ" እል ነበር። ውሸት አይደለም። ሄጄ አሳ በልቻለሁ፣ ወደቡ ላይ ፎቶ ተነሥቻለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቻለሁ። ያላወቅሁት ነገር ግንቡ ከተማው ውስጥ አለመሆኑን ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ወደ ጣና የገባች ልሳነ ምድር አለች። እዚያ ላይ ሰው ጥሎት ከሄደ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰፈር ቆሟል። ቆሟል ማለት፣ ግማሹ ቆሟል፤ ግማሹ ወድቋል። ማርያም ግንብ ይሉታል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሁለት ቀንና ሁለት የጀልባ ሒሳብ እንዳታወጡ ብዬ ነው።

ታሪኩን ሳታውቁ ከሄዳችሁ የምታዩት የድንጋይ ክምር ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

አፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ነገሡ። ያኔ ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም። ነገሥታቱ አንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም ነበር። ደምቢያና የጣና ዳር ግን እህሉም አሳውም ስለማይታጣ ዓይናቸው ከዚያ አይነቀልም። ጎርጎራም ከሱስንዮስ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። በ1603 ወደ አገራችን የገባ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ ነበር። ኢየሱሳውያን ወይም ጀስዊቶች ከሚባለው ማኅበር ነው። ከንጉሡ ጋር በጣም ተወዳጀ። ጎርጎራ ላይ በድንጋይ ቤተ መንግሥት ያሠራላቸው እሱ ነው። በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ ያየውም እሱ ነው። በ1622 እዚሁ ጎርጎራ ትኩሳት ይዞት ሞተ። ደምቢያን የሚያውቅ ሰው "ትኩሳት" ሲባል ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፤ ወባን ነው።

ዛሬ ማርያም ግንብ የምንለው ከፓኤዝ ሞት በኋላ የመጣ ነው። ማኅበርተኞቹ ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ሠሩበት። በ1626 ሱስንዮስ በአደባባይ ለሮም ጳጳስ ታዛዥነታቸውን ማሉ። አገሩ ተነሣባቸው። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው መረራቸውና "ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ" ተባለ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ልጃቸው ፋሲል በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። የሐይቁ ዳር ሰፈር ባዶውን ቀረ።

ለእኛ ለጎንደር ልጆች ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ሁሉ ነገር ከፋሲል የጀመረ ይመስለናል። ጎርጎራ ስትሄዱ ከፋሲል በፊት ያለውን ገጽ ታያላችሁ። ግንቡን ማን ሠራው በሚለው ላይ ሰው መጨቃጨቅ ይወዳል። አንዱ "የፖርቱጋል ሥራ ነው" ይላል። ሌላው እንፍራዝ ያለውን የጉዛራን ግንብ ጠቅሶ "የሠርፀ ድንግል ነው፣ ከእነሱ በፊትም ነበረን" ይላል። እኔ ሁለቱንም ሳያይ የሚከራከር ሰው አልሰማም። ድሮ እኔም ሳላይ ነበር የምከራከረው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከሐዋሳ መጥቶ ነበር። ከበዓሉ በፊት ጎርጎራ እንሂድ አልኩት። "ሐይቅ ለኔ ምኑ ብርቅ ነው?" አለኝ። በግድ አስነሣሁት። እማዬ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳንጨርስ ንቅንቅ የለም አለች። መናኸሪያ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሌላ ጥበቃ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርጎ ይወስዳችኋል። የሚፈጀው ግን መንገዱ ሳይሆን መጠበቁ ነው። ጎርጎራ ስንወርድ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

አንድ ጀልባ ተስማማን። "ጥንታዊው ቦታ ውሰደን" አልኩት ባለጀልባውን።

ምን ያድርግ ሰውየው! ጣና ላይ ጥንታዊ ያልሆነ ምን አለ? አንድ ደሴት ላይ ያለ ገዳም ወሰደን። ስንደርስ ሴት የማይገባበት ሆኖ ተገኘ። የአክስቴ ልጅ ገብቶ፣ ተሳልሞ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ከመነኮሳቱ ጋር ወግ ይዞ እስኪወጣ እኔ ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወፍ ቆጠርኩ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። የኔን ፊት አትጠይቁኝ።

"እሺ፣ አሁን ግንቡ ጋ ውሰደን" ስል ነፋሱ ተነሣ። ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሐይቅ አይደለም። ጠዋት መስታወት ነው። ከምሳ በኋላ ግን ጀልባዋን እያነሣ ያፈርጣታል። የሐዋሳው ልጅ እንኳ ዝም ብሎ የጀልባዋን ጠርዝ ይዟል። ባለጀልባው "ዛሬ አይሆንም እህቴ፣ በጠዋት ኑ" ብሎ ወደ ወደቡ አዞራት። ትክክል ነበር። እንዲህ ሲሏችሁ አትከራከሩ። ሐይቁን የሚያውቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ሲሸኝ ነው። በዋዜማው ሄደን ጎርጎራ አደርን። ማደሪያ አይቸግርም። ደህና ገንዘብ ላለው በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለ፤ ለኛ ቢጤውም ከተማው ውስጥ አልጋ አይጠፋም። አጎበር መኖሩን ግን ሳታረጋግጡ ቁልፍ አትቀበሉ። ሐይቅ ዳር ነው፣ ወባ አለ።

በዚህኛው ዙር ከባለጀልባው ጋር ማታውኑ ተቀምጬ ተነጋገርኩ። ቦታውን በስሙ ጠራሁት፦ ማርያም ግንብ። ዋጋው መሄጃና መመለሻ መሆኑን፣ እዚያ ሁለት ሰዓት እንደሚጠብቀን፣ ናፍጣው በእሱ መሆኑን አንድ በአንድ አስደገምኩት። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት እንዲያመጣ ነገርኩት። ግማሹን ሂሳብ ስንነሣ፣ ግማሹን ስንመለስ ልሰጥ ተስማማን። ስንት እንደከፈልኩ አልነግራችሁም። ናፍጣ በየወሩ ዋጋው ስለሚለወጥ ይህን ስታነቡ ቁጥሩ ያሳስታችኋል። ይልቅ ሁለት ሦስት ባለጀልባ ጠይቁ። ፈቃድና የመግቢያ ክፍያ ያለበት መሆኑንም ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አጣሩ። አስጎብኚ ከሰጧችሁ ውሰዱ።

በነገራችን ላይ በየብስም ይኬዳል። እኛ በውኃ የመረጥነው ሰፈሩ የተሠራው በሐይቅ ለሚመጣ ሰው ስለመሰለኝ ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ውኃው ጸጥ ብሏል። ዳር ዳሩን በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ። የአክስቴ ልጅ "ይሄ ቄጠማ ነው ሰው የሚሸከመው?" ብሎ ባለጀልባውን አሳቀው። ቄጠማ አይደለም፣ ደንገል ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ሲከብድ አውጥተው ያደርቁታል፤ ሲያረጅ ሌላ ይሠራሉ። እምቦጭም አየን። ይህ አረም ጣና ላይ የታየው ከ2011 ወዲህ ነው፤ በሰሜኑ ዳርቻ ብዙ ጣጣ አምጥቷል። ሞተሩ ሲውጠው ይታነቃል። ባለጀልባው አንድ ጊዜ ሞተር አጥፍቶ በእጁ እየመዘዘ አወጣው። እናንተም ቢገጥማችሁ አትደንግጡ።

ከጀልባ ስትወርዱ እግራችሁ ይርሳል። ነጠላ ጫማ ለውኃው፣ ድፍን ጫማ ለእሾሁ ያዙ። ከዚያ በእርሻ ዳር ሽቅብ ትንሽ መሄድ ነው።

መጀመሪያ የሚታያችሁ ግድግዳ ነው። ከዚያ ሌላ ግድግዳ። ጣሪያ የለም። የሾላ ሥር ድንጋዩን ሰንጥቆ ገብቷል። "ይሄው ነው?" አለ የአክስቴ ልጅ። እኔም በሆዴ እንደዚያው ብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር። የፋሲልን ግቢ የለመደ ዓይን እዚህ ይራባል። ትኬት ቆራጭ የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ የተጠረገ መንገድ የለ። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግቦ ስንትና ስንት እጅ ነክቶታል። ይሄኛውን ግን በብዛት የነካው ዝናብ ነው።

ዓይኔን የገለጡልኝ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። ከብት ይዘው ነበር። "እንዴት አደራችሁ ልጆቼ" ብለው ቀረቡን። "አባባ፣ ያሳዩን እስቲ" አልናቸው። በዱላቸው እየጠቆሙ አሳዩን።

መጀመሪያ የጠቆሙት በድንጋዮቹ መሐል ያለውን ነጭ ነገር ነው። "ይሄ ጭቃ አይደለም፣ ኖራ ነው" አሉ። ይህን ልብ በሉ። ገጠር ያለ የድንጋይ ቤት ወይ ደረቅ ካብ ነው፣ ወይ በጭቃ የተያያዘ ነው። ኖራ ለማግኘት የሚቃጠለውን ድንጋይ መለየትና ማቃጠል ማወቅ ያስፈልጋል። በሱስንዮስ ዘመን ያንን ድንጋይ አይቶ የለየው ከህንድ የመጣ ሰው እንደነበር ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል። ያ ነጭ ነገር ነው በኋላ የጎንደርን ግንቦች አያይዞ ያቆመው። ጎንደር ስትመለሱ የፋሲልን ግንብ ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እኔ ዕድሜ ልኬን ተደግፌው ኖሬ አላየሁትም ነበር።

ቀጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱን። የኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲባል ብዙ ጊዜ ክብ ነው። ይሄ ቀጥ ብሎ የረዘመ ነው። በመቅደሱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አበባ ተቀርጿል። እኩል እኩል ተለክቶ የተፈለፈለ አበባ፤ ከላዩ ዝናብ፣ ከሥሩ ፍየል። ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው ቅርጹ ጎላ ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ፎቶ ለማንሣትም ከጠዋቱ የተሻለ ሰዓት የለም። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ስለሚወርድ ቅርጹ ይጠፋል።

ከዚያ ወጥታችሁ ሐይቁን እዩ። ሦስት በኩል ውኃ ነው። የመረጠው ሰው ምን እንደፈለገ ይገባችኋል። መከላከያም ነው፣ መንገድም ነው፣ ውበትም ነው። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ነው "በቃ፣ ይሄ ከሐዋሳ ይበልጣል" ያለው። ቃሉን እንዳይበላ እዚሁ ጻፍኩት።

አሁን ደግሞ ያፈርንበትን ልንገራችሁ። ልንሄድ ስንል ሽማግሌው የአክስቴን ልጅ ኪስ አዩት። አብጧል። "ምንድነው ልጄ?" አሉት በትሕትና። ቀይ ሆኖ አወጣው። ጫፉ ላይ የአበባ ቅርጽ ያለበት ስባሪ ድንጋይ። "ለማስታወሻ ነው አባባ፣ መሬት ላይ የወደቀ ነው" አለ።

"የመጣው ሁሉ አንድ አንድ ቢወስድ ኖሮ እናንተ ዛሬ ምን ታዩ ነበር?" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። "ያነሣህበትን ታውቀዋለህ?" አሉት። አብረውት ሄደው ከዚያችው ቦታ፣ በዚያችው ጎኑ አስቀመጡት።

ያኔ ጭንቀታቸው የበዛ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። በ2000ዎቹ ከማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች በነዚህ የኢየሱሳውያን ቦታዎች ጥናትና ቁፋሮ አድርገዋል። ለእነሱ ድንጋዩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የት እንደወደቀ፣ ከምን አጠገብ፣ ከምን በላይ እንደተገኘ ነው የሚናገረው። ቦታው ከተነካካ ጣሪያው ወዴት እንደወደቀ፣ አበባው ከየትኛው ግድግዳ እንደሆነ አይታወቅም። ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስን ያለፈቃድ መቆፈርንና መውሰድን ይከለክላል፤ ድንገት ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዲህ ግድግዳው ላይ መውጣትም ይቅር። ኖራው አርጅቷል፤ ለድንጋዩም ለእግራችሁም ጥሩ አይደለም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እጃቸውን አትልቀቁ።

ለሽማግሌው ገንዘብ ልሰጥ ብል እምቢ አሉ። እማዬ የቋጠረችልንን ዳቦ ሰጠናቸው፤ ባርከው ተቀበሉ። እናንተም ከከተማ ስትነሡ ከምሳችሁ ተረፍ አድርጋችሁ ያዙ። ግንቡ ጋ ሱቅ የለም፣ ውኃም የለም።

መቼ ልሂድ ለሚል፦ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሻላል። በክረምት ሣሩ ግድግዳውን ይውጠዋል፣ ጭቃውም አያስኬድም። መስከረምና ጥቅምት አበባው ቢያምርም ወባው የሚበዛበት ወራት ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም መናኸሪያ ጠይቁ። የደምቢያ መስመር ሾፌሮች ከማንም በፊት ይሰማሉ። "ዛሬ ቢቀርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ። ግንቡ የትም አይሄድም።

ከሐይቁ ስትመለሱ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ ከጎርጎራ አትውጡ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። ከእኛ በፊት የደረሰ አንድ ጎብኚ በፍላሽ ፎቶ ሲያነሣ ቄሱ ከለከሉት፤ ብርሃኑ ቀለሙን ይጎዳዋልና እናንተም አጥፉት። እኔ መጀመሪያ ግንቡን፣ ቀጥሎ ደብረ ሲናን በማየቴ ደስ ብሎኛል። ጠዋት የተባረሩትን ሰዎች ፍርስራሽ አይታችሁ፣ ከሰዓት ያልተቋረጠ ቅዳሴ ያለበት ቤት ትገባላችሁ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት የሃይማኖት ጠብ ያን ቀን በእግሬ የሄድኩበት መሬት ሆነ።

ከዚያ አሳ በላን። ቀረሶ ጥብስ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ። ስለ ዋጋው መጀመሪያ ጠይቁ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ወደ ጎንደር በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሱስንዮስ የተቀበሩት አዘዞ፣ ራሳቸው ባሠሩት ገነተ ኢየሱስ ነው። በሕይወቴ በአዘዞ ያለፍኩበትን ቀን ብትቆጥሩ አያልቅም። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም።

"ወራጅ አለ!" አልኩ አዘዞ ስንደርስ።

"ጎንደር አይደል እንዴ የከፈልሽው?" አለኝ ረዳቱ።

"አዎ" አልኩትና የአክስቴን ልጅ ቀሰቀስኩት።